የአድማቂዎቹ ሳህን

አገሩ የት ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ። ሩቅ ነው ብል ትስቁብኛላችሁ፤ ቅርብ ነው ብል ደግሞ እኔኑ ያስጠይቀኛል። ስሙ ጉብታ ነበር እንበልና እንለፈው። ሸለቆ የሚባል ጎረቤት ነበረው። በሁለቱ መካከል ዳሩ ሁሉ ጭቃ የሆነ ወንዝ ያልፋል። በየዓመቱ አጨዳው ሲያልቅ የጉብታ ትምህርት ቤት ጎረምሶችና የሸለቆ ትምህርት ቤት ጎረምሶች ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ቆመው አንድ ወፍራም ገመድ ይጓተታሉ፤ ሽሚያ ይሉታል። የተሸነፈው ተጎትቶ ጭቃ ውስጥ ይገባል። ያሸነፈው ዓመቱን ሙሉ ውሃ ቀድሞ ይቀዳል፣ ከብቱንም ቀድሞ ያጠጣል። ጨዋታ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት፤ በጋ ላይ ከሌላው አገር ከብት ኋላ ተሰልፎ የተረገጠ ውሃ መጠጣትን የቀመሰ ያውቀዋል።

ታዲያ ገመድ በክንድ ብቻ አይሳብም። አንዱ ሲስብ ሌላው ትንፋሽ ከሰበሰበ ምን ዋጋ አለው? ለዚህ ለዚህ ሲባል ዳር ላይ የሚቆሙ ልጃገረዶች ነበሩ፤ አድማቂ ይባላሉ። ወገባቸውን በቢጫ መቀነት ጥብቅ አድርገው፣ እጃቸውን ወደ ላይ ወርውረው፣ አንድ ላይ ዘለው «እሆ!» ይላሉ። ጎረምሶቹ በዚያች «እሆ» ላይ ይስባሉ። ደህና አድማቂ የዛለ ክንድ ታነሳለች። የማትረባዋ ደግሞ፣ ምን ልበላችሁ፣ ባትኖር ይሻላል።

በጉብታ ሕግ ቢጫ መቀነት ያላሰረች ልጅ ከታችኛው ትምህርት ቤት ወደ ላይኛው አታልፍም። ቀለም የገባት ትሁን፣ ሒሳቡን ትጠጣው፣ የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሳህኑ ምን አላት?» ይባላል። ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ ጠይቄ ነበር። «ሥርዓት ነው» አሉኝ። በጉብታ «ሥርዓት ነው» ከተባለ በኋላ የሚጠይቅ ሰው ወይ እብድ ነው ወይ እንግዳ፤ እኔ እንግዳ ስለነበርኩ ተረፍኩ።

ሳህኑ እንዲህ ነው። በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ አንድ ጠረጴዛ ይቆማል፤ እስከ መሬት የሚወርድ ቀይ ጨርቅ ይለብሳል። በላዩ ላይ የነሐስ ሳህን ይቀመጥና ውሃ እስከ አፉ ይሞላል። ልጅቷ ፊት ለፊቱ ቆማ ሦስት ጊዜ «እሆ» ትላለች። ውሃው ከተነቃነቀ አለፈች፣ ቢጫ መቀነቱንም ታስራለች፤ ዝም ካለ ወደቀች። ከጠረጴዛው ኋላ የሚቀመጠው ሹም ሊቀ ሳህን ይባላል። ይህ ሰው ሥራው ላይ ሲሆን ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ «እጄ ንጹሕ ነው፤ ሕዝብ ይይልኝ» ይላል። ሕዝቡም እጁን ያያል። ከጎኑ ደግሞ የውሃ እማኝ የሚባል ሌላ ሹም አለ። ዓይኑን ሳህኑ ላይ ተክሎ «ተነቃነቀ!» ወይም «አልተነቃነቀም!» ብሎ ያውጃል። ለዚህች ደሞዝ ይበላል።

ገመድ የሚስቡት ጎረምሶችስ? እነሱ በምርጫው ቀን ጀርባቸውን አዙረው፣ ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ጠቅጥቀው ገመዳቸው አጠገብ ይቀመጣሉ። አድልዎ እንዳይኖር ነዋ! የሚጮህላቸው ሰዎች ጩኸቱን መስማት የለባቸውም። አይ ጉብታ!

ወደቅሽ የተባለች ልጅም ዝም ብላ አትሄድም። ጎንበስ ብላ የጠረጴዛውን ጠርዝ ትስማለች። «ሳህኑ አይዋሽም» ትላለች። የውሃ እማኙ ጀርባዋን መታ መታ አድርጎ «ተነሺ» እስኪላት ድረስ ከንፈሯን ከእንጨቱ ላይ አታነሳም። በደል ላይ ምስጋና ማለት ይኸው ነው።

ውሃው የሚነቃነቀው ለማን ነበር? ለሊቀ ሳህኑ የእህት ልጅ ተነቃንቋል። ለጎተራው ሹም ልጅ ተነቃንቋል። እናቷ በበዓል ዋዜማ ቅቤ ለላከችውም፣ ድምፅዋ የጫጩት ያህል ቢሆንም፣ እንዲያውም ፈሰስ ብሏል። ለሌላው ግን ቀጥ! ሰው በሆዱ «ይሄ ውሃ ዘር ይቆጥራል እንዴ?» ማለቱ አልቀረም፤ ግን በሆዱ ነው። በሽሚያው ቀን ጎረምሶቹ ተጎትተው ጭቃ ይገባሉ። ሹማምንቱ ይሰበሰባሉ። አንድ ዓመት ነፋሱ ነው አሉ፤ አንድ ዓመት ገመዱ ሟልጧል አሉ፤ አንድ ዓመት ደግሞ የሸለቆ ሰዎች እግር ሰፊ ነው ተባለና ስብሰባው በጭብጨባ ተበተነ።

በዚያ አገር ዘርትሁን የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ንፍሮ ትሸጣለች። ልጇ አትጠገብ ትባላለች። ልጅቷ ከእናቷ ጎን ሆና «ትኩስ ንፍሮ!» ስትል ወንዝ ማዶ ያለው እንኳ ዞር ይላል። በትምህርቷም ቢሆን አስተማሪዎቹ ጥያቄ ጠይቀው ዓይናቸው የሚሄደው ወደ እሷ ነው። ሳህኑ ፊት ግን ካቻምና ቆማ ወድቃለች፤ አምናም ወድቃለች። ዘንድሮ የመጨረሻዋ ነው፤ ዕድሜዋ አለፈ ማለት ነው። ዛሬ ውሃው ዝም ካለ ደብተሯን አስቀምጣ ንፍሮ ልትሸጥ ነው። ዘርትሁንም ሳትወድ በግድ ሁለተኛ ቅርጫት ገዝታ ከበሩ ኋላ ሰቅላለች።

«ልጄ፣ ዛሬ ከሆድሽ ጩኺ» አለቻት ጠዋት ጸጉሯን እየሠራቻት።

«እማዬ፣ አምናም ከሆዴ ነበር የጮህኩት።»

«አውቃለሁ፣ በሩ ላይ ሆኜ ሰምቼሻለሁ።»

«አንቺ ሰማሽኝ፤ ሳህኑ ነው ያልሰማኝ።»

ዘርትሁን ጸጉሩን ሠርታ ስትጨርስ ጉንጯን ሳመቻትና ላከቻት።

የዚያን ዓመት ሊቀ ሳህን አንዳርጌ የሚባል ሰው ነበር። ክፉ አልነበረም፤ ይኸው ነው የሚያናድደኝ። ክፉ ቢሆን ይቀለን ነበር። ዘመዱን የሚወድ፣ ሰው ሲለምነው እንቢ ማለት የማይሆንለት ሰው ነው። በዚያ ላይ የገዛ ልጁ የሻረግ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትፈተን ነው። የሻረግ ዓይን አፋር ናት፤ ሰው ፊት ስትቆም ጆሮዋ ይቀላል። አባቷ ከማለዳ ጀምሮ ወንበሩ አልሞቀውም። «ተራዋ ደረሰ?» እያለ የውሃ እማኙን ገላዬን አሰለቸው።

አትጠገብ ከየሻረግ ቀድማ ተጠራች። ቆመች፣ እጇን ወደ ላይ ወረወረች፣ ዘለለችና «እሆ!» አለች። እናንተዬ! ከአጥር ውጭ ቆመው የሚያዩት ሴቶች ሳያስቡት አጨበጨቡ። ደገመች፤ አንድ ሽማግሌ ምርኩዙን ከፍ አደረገ። ሠለሰች። ገላዬ ሳህኑ ላይ እንደተተከለ «አልተነቃነቀም!» አለ።

ልጅቷ እንባዋን ዋጥ አድርጋ ጎንበስ አለችና ከንፈሯን የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አደረገች። «ሳህኑ አይዋሽም» ማለት ነበረባት። ቃሉ አልወጣ አላት። ገላዬም ቃሉን ሲጠብቅ ጀርባዋን ሳይመታ ቆየ።

አንዳርጌ ግን የሚጠብቅበት አንጀት አልነበረውም። «ቀጣይ! የሻረግ አንዳርጌ!» አለ።

የሻረግ መጥታ ቆመች። ነጠላዋ ጠመም ያለ መሰላትና አስተካከለች። ትንፋሽ ሳበች። አባቷ ልጁን ሲያይ ልቡ ቀደመው፤ ልቡ ሲቀድም ጉልበቱም ቀደመ። ከቀዩ ጨርቅ ሥር ጉልበቱ ጠረጴዛውን ከታች ወደ ላይ ሲነርተው ጠርዙ የአትጠገብን ጥርስ ጓ! አደረገው። ውሃው ተደፋ። ገላዬም፣ ልማድ አይደል፣ በሙሉ ድምፁ «ተነቃነቀ!» ብሎ አወጀ።

ሰው ሁሉ ዓይኑን የሻረግ ላይ ጣለ።

«ገና... ገና አልጮህኩም እኮ» አለች የሻረግ፣ ጆሮዋ ቲማቲም መስሎ።

አትጠገብ ከንፈሯን ይዛ ቀና አለች። በጣቶቿ መካከል ደም ይወርዳል። «ጠረጴዛው መታኝ!» አለች።

«ጠረጴዛ ሰው አይመታም!» አለ አንዳርጌ፣ እጆቹን ደረቱ ላይ ይበልጥ አጥብቆ። «እጄን እዩ! እጄ ያው እዚህ ነው!»

«እጅህንማ እናያለን፤ ጉልበትህስ የት ነው?» አለች አንዲት ሴት ከአጥሩ ውጭ። ሳቅ ተነሳ።

ገላዬ ነገሩ እንዳይበላሽ ቸኩሎ ገባ። «ሕዝብ ሆይ፣ ነገሩ ግልጽ ነው። የትልቅ ሰው ልጅ ድምፅ ከአፏ ሳይወጣ አስቀድሞ ይደርሳል። ሳህኑ ድምፅዋን ከሆዷ ነው የሰማው» አለ። እግዜር ያሳያችሁ፤ ይህን ሲናገር ዓይኑን እንኳ አላሸም!

አትጠገብ ደሙን በነጠላዋ ጠረገች። የመጨረሻ ቀኗ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ልትሆን? «እንግዲያው ሳህኑን መሬት ላይ አስቀምጡት» አለች።

እንዲህ ያለ ነገር በጉብታ ተሰምቶ አያውቅም። አንዳርጌ ፊቱ ዐመድ መሰለ። «ሳህኑ መሬት ነክቶ አያውቅም! ክብር አለው!»

«መሬት ይቀመጥ!» አለ አንድ ድምፅ ከትምህርት ቤቱ በር። ዘርትሁን ናት፤ ንፍሮዋን ጥላ መጥታለች። «መሬት ይቀመጥ!» አሉ ሌሎቹም እናቶች፣ ልጆቻቸው ያንን እንጨት የሳሙባቸው ሁሉ። አጥሩን ገፍተው ገቡ።

ጎረምሶቹ ጥጣቸውን ጠቅጥቀው ስለተቀመጡ አልሰሙም፤ መሬቱ ሲረገጥ ግን ተሰማቸው። የገመድ አለቃቸው ታፈረ ዞር ሲል የአትጠገብን ደም ያለበት ከንፈር አየ። ጥጡን ከጆሮው ጎልጉሎ አወጣ፤ ጓደኞቹም እንዲሁ አደረጉ። «ምንድነው?» አለ። ነገሩት። «እኛ ይሄን ሁሉ ዓመት ጭቃ የበላነው በጉልበታችሁ ነው በለኛ!» አለ። ደግሞ እንዴት ተናዷል! ሄደና ሳህኑን አንስቶ መሬት ላይ አስቀመጠው፤ ውሃም ሞላበት።

«መሬት የነካ ሳህን ረከሰ!» ብሎ ጮኸ አንዳርጌ።

«ጭቃ የነካነው እኛስ?» አለው ታፈረ። 

መቀነት ካሰሩት የሹማምንት ልጆች አንዷ ቀረበችና ጮኸች። ውሃው ቀጥ። ሌላዋ ጮኸች። ቀጥ። ገላዬ «ውሃው ደክሞት ይሆናል» ብሎ አስቀየረው፤ አዲሱም ያው ሆነ። ሕዝቡ «አትጠገብ! አትጠገብ!» ማለት ጀመረ። ቀረበች። እጇን ወርውራ፣ ከእግር ጥፍሯ የመጣ ድምፅ አወጣች። «እሆ!»

ውሃው ቀጥ።

ልጅቷ ሦስት ጊዜ የወደቀችው ሳህኑ ስለዋሸ ነው ስትል ነበር፤ አሁን ሰው ሁሉ እያያት፣ ማንም ሳይነካው፣ ያው ውሃ ዝም አላት። አንዳርጌ ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ «አያችሁ! አያችሁ! የእሷም አላነቃነቀውም! ሳህኑ አይዋሽም!» እያለ ይፈነድቅ ጀመር። እናቶቹም አንገታቸውን ደፉ። ዘርትሁን ብቻ ልጇን ታያት ነበር።

«ኧረ ቆይ፣ ቆይ!» አለ ታፈረ። «ሳህኑን ተዉትና እኛን እዩን።»

ሰው ሁሉ ዞረ። ጎረምሶቹ ቆመዋል። ማን ተነሱ እንዳላቸው እነሱም አያውቁም። ሁሉም ገመዱን ይዘዋል፤ ሁሉም ወደ ኋላ ዘንበል ብለዋል፤ ተረከዛቸው አፈሩ ውስጥ ገብቷል። አትጠገብ «እሆ» ስትል አንድ ላይ ስበው ኖሯል!

«የሰው ድምፅ ውሃ አያነቃንቅም» አለ ታፈረ። «አባቶቻችን ይሄን ማን እንደነገራቸው እንጃ። ደግሞስ ውሃው ገመድ ይስባል እንዴ? የምንስበው እኛ ነን። እኛን ያነቃነቀች ትለፍ!»

«ሥርዓቱ እንዲህ አይልም!» አለ ገላዬ።

«እንዲህ ካላለማ» አለ ታፈረ፣ ገመዱን እግሩ ሥር እየጣለ፣ «ይኸው ገመዱ። ሊቀ ሳህኑና አንተ ከነጠረጴዛችሁ ሳቡት።»

ጎረምሶቹ ሁሉ ገመዱን ለቀቁ። ሽሚያው ደርሷል። ሹማምንቱ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ የጭቃውን ጥልቀት ያስታወሰ መሰለኝ፣ ቀስ ብሎ «እስቲ ለዘንድሮ ይሞከር» አለ። በጉብታ አንድ ሹም «እስቲ» ካለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

ጎረምሶቹ ያለ ጥጥ፣ ፊታቸውን ግን እንደ ድሮው አዙረው፣ ገመዱን ከአንድ ትልቅ ዛፍ ግንድ ጋር አስረው ያዙ። ልጆቹ ስማቸው ሳይጠራ ተራ በተራ ከኋላቸው ይጮሁ ጀመር። የጎተራው ሹም ልጅ ጮኸች፤ አንዱ ሳበ፣ አንዱ አዛጋ። የሸክላ ሠሪው ልጅ ጮኸች፤ ግንዱ ሲጢጥ አለ። አትጠገብ ስትደግም የዛፉ ቅጠል ረገፈ፤ የዘርትሁንን እልልታ ያኔ መስማት ነበር!

በመጨረሻ የሻረግ ብቻ ቀረች። አባቷ ከአጠገቧ ቆሞ ላቡ በፊቱ ይወርዳል።

«አባዬ፣ ዘወር በልልኝ» አለችው።

«ልጄ፣ ይቅርብሽ። ሰው ሁሉ ተቆጥቷል፤ ያዋርዱሻል።»

«ዘወር በልልኝ አልኩህ!»

ዘወር አለ። የሻረግ ዓይኗን ጨፈነች፣ እጇን ወረወረችና ጮኸች። ወፍራም፣ ከጉሮሮ ሥር የሚመጣ፣ ማንም ከዚያች ዓይን አፋር የማይጠብቀው ድምፅ ነበር። ጎረምሶቹ አንድ ላይ ሳቡ፤ ገመዱ ጢዝ አለ። ታፈረ ሳይዞር፣ «ይቺ ደግሞ ማናት? ትለፍ!» አለ።

የሻረግ ማለፏን ስትሰማ አልሳቀችም። አባቷ ፊት ሄዳ ቆመችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ጉልበትህን ማን ለመነህ?» አለችው። «ድምፅ ነበረኝ እኮ! ብታሳልፈኝ ኖሮ ዕድሜዬን ሙሉ ድምፅ እንዳለኝ ሳላውቅ ልቀር ነበር!»

አንዳርጌ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ እጆቹን ከደረቱ አወረደ። የሚያደርግባቸውን አጥቶ ወደ ታች ለቀቃቸው። እኔ ለሰውዬው ያን ቀን አዘንኩለት፤ እስከ ዛሬም አዝንለታለሁ። አትጠገብ ወደ የሻረግ ሄዳ ቢጫ መቀነት አጥብቃ አሰረችላት። «ነይ፣ ከጎኔ ቁሚ። የአንቺ ወፍራም ነው፣ የኔ ቀጭን፤ አንድ ላይ ያምራል» አለቻት።

በሽሚያው ቀን ወንዙ ዳር እንደዚያ ሰው ተሰብስቦ አያውቅም። የሸለቆ ሰዎች እንደ ልማዳቸው እየሳቁ መጡ፤ ከብቶቻቸውንም ለማጠጣት ነድተው መጥተዋል፣ ንቀታቸው አይጣል ነው። ገመዱ ተወጠረ። የሸለቆ ጎረምሶች መጀመሪያ ጉብታዎችን እስከ ጭቃው አፋፍ ጎተቷቸው፤ ታፈረ አንድ እግሩ ገባ። ያኔ አትጠገብ «እሆ!» አለች፤ የሻረግ ከሥር ተቀበለቻት፤ ሌሎቹ ቢጫ መቀነቶች አንድ ላይ ከመሬት ተነሱ። ጎረምሶቹ ሳቡ። «እሆ!» ሳቡ። እግሩ ከጭቃው ወጣ። «እሆ!» የሸለቆ አለቃ ዓይኑ ፈጠጠ። «እሆ!» በመጨረሻ ያ እግረ ሰፊ የተባለ ቡድን በሙሉ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረበ ጭቃው ውስጥ ተነከረ። ጉብታ አበደ! ሽማግሌዎች ዘለሉ፤ ገላዬ እንኳ ከልማዱ የተነሳ «ተነቃነቀ! ተነቃነቀ!» እያለ ሲጮኽ ሰው በሳቅ ፈረሰ። የጉብታ ከብቶች ያን ቀን ያልተረገጠ ውሃ ጠጡ።

በማግስቱ የላይኛው ትምህርት ቤት ተከፈተ። አትጠገብ ቢጫ መቀነቷን አስራ፣ ከንፈሯ ገና እንዳበጠ፣ በሩ ላይ ደረሰች። ዘበኛው ከላይ እስከ ታች አያት። «የማን ልጅ ነሽ?» አላት፤ እዚያ በር ላይ ሁሌም የሚጠየቀው ይኸው ነበር።

«የንፍሮ ሻጯ የዘርትሁን።»

ዘበኛው ትንሽ አሰበ። «ግቢ፤ ትምህርት ተጀምሯል» አላት።

ገባች። ከፊት ያለ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አስተማሪው ሰሌዳው ላይ መጻፍ እንደጀመረ ከውጭ እልልታ መጣ፤ ረጅም፣ ትንፋሽ የማያልቅበት፣ መስኮቱን አልፎ ክፍሉን የሞላ እልልታ። አስተማሪው ጠመኔውን አወረደ። የሹማምንቱ ልጆች እርስ በርስ ተያዩ። «ማናት ይቺ የምትረብሸን?» አለ አስተማሪው።

አትጠገብ ብድግ አለች። «እናቴ ናት» አለች።